ከአውድማ እስከ ሐውልት

መስከረም ሲጠባ የታሪክ መምህር ከሁሉ አስቀድሞ የሚያደርገው የዓመቱን ዕቅድ መጻፍ ነው። ዕቅዱ ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት መልክ አለው፤ ለድንጋይ ዘመን ሁለት ክፍለ ጊዜ፣ ለእርሻ መጀመር አንድ ወይም ሁለት፣ ከዚያ በኋላ ለሜሶጶጣምያ፣ ለግብፅ፣ ለህንድ፣ ለቻይና፣ ለግሪክና ለሮም ሳምንታት በሳምንታት ላይ ይደረደራሉ፤ አክሱምም በተራዋ ትመጣለች። በዚህ አደራደር እርሻ እንደ ቤት ደጃፍ ናት። ሁሉም ያልፍባታል፤ ማንም አይቀመጥባትም። ተማሪው «ሰው አደን ትቶ ማረስ ጀመረ» የሚለውን ዐረፍተ ነገር በደብተሩ ከገለበጠ በኋላ ፊቱን ወደ ፒራሚዱ ያዞራል። ገበሬውም ከታሪኩ ወጥቶ ዳግመኛ አይመለስም።

ይህ አደራደር በየትም አገር ጉድለት አለው፤ በእኛ አገር ግን ጉዳቱ የባሰ ነው ባይ ነኝ። በክፍሉ ውስጥ ከተቀመጡት ልጆች የብዙዎቹ አባት ዛሬም ማለዳ በሬዎቹን ጠምዶ ወጥቷል። «አዳኝ፣ ገበሬ፣ ከተሜ» ተብሎ እንደ መሰላል የተሠራ ትምህርት ያንን አባት ከታች በሁለተኛው እርከን ላይ ያቆመዋል። ልጁም ሳይነገረው የሚማረው አንድ ነገር አለ፤ አባቱ ታሪክ ከአሥር ሺህ ዓመት በፊት ጨርሶ ያለፈውን ሥራ የሚሠራ ሰው መሆኑን። በከተማ መንገድ «ገበሬ!» የሚለው ቃል ስድብ ሆኖ ሲወረወር የማይሰማ የለም። ስድቡን የፈጠረው ትምህርት ቤት ነው አልልም፤ ሲያርመው ግን አላየሁም።

እንግዲህ ዕቅዱ እንዴት ቢታሰብ ይሻላል? የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ከዘመን ስምና ከካርታ ይልቅ በአንድ የእህል ዛላ ቢጀመር እመርጣለሁ። መምህሩ የስንዴ ወይም የገብስ ዛላ ይዞ ይግባ፤ በገጠር ከሆነ ልጆቹ ራሳቸው ያመጡለታል። ከዚያም አንድ ጥያቄ ይጠይቅ፤ ይህ ዛላ ደርሶ ሳለ ፍሬው ለምን አልረገፈም?

የዱር ስንዴና የዱር ገብስ ዛላ ሲደርስ በየአንጓው እየተሰበረ ይበተናል። ለተክሉ መበተን ሕይወቱ ነው፤ ዘሩ መሬት የሚይዘው በዚህ ነው። ለሚሰበስበው ሰው ግን ኪሳራ ነው፤ እጁን ሲዘረጋ ፍሬው ከእጁ ይረግፍበታል። ከብዙ ሺህ ተክሎች መካከል አልፎ አልፎ ዛላው የማይሰበር አንድ ይበቅላል። በዱር ቢተው ዘሩ ሳይበተን እዚያው ይቀርና ይጠፋ ነበር። ሰው በማጭድ እያጨደ ነዶውን ወደ መንደሩ ሲወስድ ግን ያልረገፈው ፍሬ ከረገፈው ይልቅ በብዛት አብሮት ይገባል። ከዚያም ላይ ለዘር ተቆጥቦ ይዘራል፤ እንደገና ይታጨዳል፤ እንደገና ይዘራል። ከብዙ መቶ ትውልድ በኋላ ማሳው ሁሉ ራሱን መበተን የማይችል፣ ያለ ሰው እጅ የማይራባ እህል ይሆናል። በሬ በአውድማ ላይ የሚዞረው፣ መንሽና ላይዳ የተሠሩት፣ ዛላው ራሱን መበተን ስለ ተወ ነው። ይህን የተረዳ ልጅ በቤቱ ደጅ ያለው አውድማ የአንድ ረጅም ታሪክ ማስረጃ መሆኑን ለማየት ሌላ ስብከት አያስፈልገውም።

ሁለተኛው ትምህርት «ለምን?» የሚለው ነው። አሜሪካዊው የሰብል ተመራማሪ ጃክ ሃርላን እ.ኤ.አ. በ1966 በደቡብ ምሥራቅ ቱርክ በካራጃዳግ ተራራ ሥር ሳይዘራ ከበቀለ የዱር ስንዴ መካከል ገብቶ በእጁ፣ ቀጥሎም የባልጩት ስለት በገባበት ማጭድ ሰበሰበ። በአንድ ሰዓት ሥራ አንድ ኪሎ ያህል ንጹሕ ፍሬ አገኘ። ቢያሰላው አንድ ቤተሰብ ሦስት ሳምንት ያህል ተግቶ ቢሰበስብ በዓመት በልቶ የማይጨርሰውን እህል ያገኛል። መምህሩ ይህን ከነገረ በኋላ ዝም ይበል፤ ልጆቹ ይከራከሩ። ሦስት ሳምንት መልቀም የዓመት ቀለብ ከሰጠ ሰው ምን አግኝቶ ነው ጫካ ወደ መመንጠር፣ ወደ ማረስ፣ ወደ ማረም፣ ወፍ ወደ መጠበቅ የገባው? የገበሬ ልጅ በዚህ ክርክር ከማንም ይበልጣል። ማረም ወገብን ምን እንደሚያደርግ ከመጽሐፍ አላነበበውም።

መልሱ አንድ አይደለም፤ የሊቃውንቱም መልስ አንድ አይደለም። ጎርደን ቻይልድ እ.ኤ.አ. በ1936 ነገሩን «አብዮት» ብሎ ሰየመው፤ ስሙም በመማሪያ መጻሕፍት ሁሉ ጸንቶ ቀረ። አብዮት ሲባል ግን ልጆች የሚያስቡት በአንድ ጀንበር የሚሆነውን ነው፤ የእኛ አገር ልጆች ደግሞ ከቤተሰባቸው የሰሙት አብዮት ሌላ ነው። ማስረጃው የሚናገረው ዝግታን ነው። በገሊላ ባሕር ዳርቻ ኦሃሎ በተባለው ስፍራ የነበሩ ሰዎች ከ23 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት የዱር ገብስና ስንዴ ይሰበስቡ ነበር። የማይረግፈው ዛላ በለሙ ግማሽ ጨረቃ አገሮች ማሳውን የሞላው ግን ከዚያ ከአሥር ሺህ ዓመት የሚበልጥ ጊዜ ቆይቶ ነው። በዚህ ሁሉ ዘመን ሰው አዳኝም ለቃሚም ዘሪም ነበር፤ እንደ ዓመቱ ሁኔታ። በብዙ ስፍራ የተገኘው የቀደምት ገበሬዎች አጽም ቁመቱ ያጠረ፣ ጥርሱ የተበላ ነው። መሰላሉን ወደ ላይ መውጣት ሁልጊዜ ጤና አልነበረም።

በደቡብ ምሥራቅ ቱርክ የሚገኘው ጎቤክሊ ቴፔም እዚህ ላይ ይነሣ። አርኪዮሎጂስቱ ክላውስ ሽሚት እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ ቆፍሮ ያወጣቸው ሰው የሚያህሉና ከሰው በብዙ የሚበልጡ የተጠረቡ ዐምዶች ከክርስቶስ ልደት በፊት ወደ 9500 ዓመት ይጠጋሉ። የተከሏቸው ሰዎች የዱር እንስሳ የሚያድኑና የዱር እህል የሚፈጩ ነበሩ። «መጀመሪያ እርሻ፣ ከዚያ ትርፍ፣ ከዚያ ታላቅ ሕንፃ» የሚለው ቅደም ተከተል በዚህ ኮረብታ ላይ አይሠራም። ተማሪው ይህን ሲሰማ ቅር ቢለው አይክፋ፤ መጽሐፉ የደረደረለት ነገር በአንድ ቁፋሮ ሊናጋ እንደሚችል ማወቁ ራሱ የታሪክ ትምህርት ነው።

ከዚህ በኋላ ካርታው ይሰቀል። ሩዝና ማሽላ መሰል ጥቃቅን እህሎች በቻይና፣ በቆሎ በሜክሲኮ፣ ድንች በአንዲስ ተራሮች፣ ጎደሬና ሙዝ በኒው ጊኒ ደጋ፤ እርሻ በአንድ ቦታ ተወልዳ ወደ ቀረው ዓለም የተላከች አይደለችም። በዚህ ላይ ብዙ መቆየት አያሻም፤ አንድ ክፍለ ጊዜ ይበቃል። መቆየት የሚያሻው ከራሳችን አጠገብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ አንድ ጥናት በምሥራቅ ሱዳን በካሰላ አካባቢ ከተገኙ የሸክላ ስብርባሪዎች ላይ የማሽላ ገለባ አሻራ አነበበ። ሸክላ ሠሪዎቹ ጭቃውን በገለባ አቡክተው ነበርና እሳቱ ገለባውን ሲያቃጥለው ቅርጹ በሸክላው ውስጥ ቀረ። አሻራው ማሽላው በሰው እጅ መለወጥ እንደ ጀመረ ያሳያል፤ ዘመኑም ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ3500 እስከ 3000 ባለው ጊዜ ነው። ጭድ የገባበት ጭቃ ቤት ውስጥ ያደገ ልጅ ይህን ማስረጃ ከማንም በፊት ይረዳዋል። አህያም ብትሆን የአፍሪካ ልጅ ናት፤ እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ የዘር ጥናት የለመደችው በምሥራቅ አፍሪካ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት ወደ 5000 ዓመት ገደማ መሆኑን አመልክቷል። ከዚያ ወዲህ ያለው ንግድ ሁሉ በጀርባዋ አልፏል፤ ምስጋና ግን አላገኘችም።

አሁን ወደ ኢትዮጵያ እንምጣ፤ እዚህ ላይ መምህሩ ሁለት ፈተና ይገጥመዋል። አንደኛው ዝምታ ነው፤ እርሻ ከባሕር ማዶ መጣ ብሎ ማለፍ። ሁለተኛው ደግሞ የዝምታው ተቃራኒ ነው፤ ሁሉም ከእኛ ጀመረ ማለት። ሁለተኛው ለጆሮ ደስ ይላል፤ በበዓል ቀን ንግግርም ይጨበጨብለታል። በክፍል ውስጥ ግን ልጆቹን ያስገምታል፤ አንድ ቀን ሌላ መጽሐፍ ያነበቡ ዕለት የመምህራቸውን ቃል በሙሉ ይጥሉታልና።

ሩሲያዊው የዕፀዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ እ.ኤ.አ. በ1927 ወደ አገራችን መጥቶ በበቅሎ ቅፍለት እየተጓዘ ዘር ሰበሰበ። በጥቂት ማሳ ውስጥ ያየው የስንዴና የገብስ ዓይነት ብዛት አስደነቀው፤ ኢትዮጵያንም ሰብሎች ከተገኙባቸው የዓለም ማዕከላት አንዷ አድርጎ መዘገባት። ከእርሱ በኋላ የመጡት፣ ያው ሃርላንም ጭምር፣ ነገሩን አስተካከሉት፤ የዓይነት መብዛት የትውልድ ስፍራ ማስረጃ ብቻውን አይሆንም። ስንዴና ገብስ የመካከለኛው ምሥራቅ ልጆች ናቸው፤ ወደ ደጋችን ከጥንት ጀምሮ ገብተዋል። ጤፍ፣ እንሰት፣ ኑግ፣ ቡና ግን የዚሁ አፈር ናቸው። እንዲህ ተለይቶ ሲነገር የእኛ ድርሻ አያንስም። ከውጭ የመጣ አንድ ገብስ በየሸንተረሩ፣ በየውርጩና በየድርቁ ልክ ተመርጦ ስፍር ቁጥር የሌለው ዓይነት ሆኗል፤ መራጩ ደግሞ ስሙ በድንጋይ ያልተቀረጸ ሰው ነው። በ20ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ የካሊፎርኒያን ገብስ ቅጠሉን ቢጫ አድርጎ የሚያቀጭጭ፣ በክሽክሽ የሚተላለፍ በሽታ ሲያጠፋው መድኃኒቱ የተገኘው ከኢትዮጵያ በሄደ ገብስ ውስጥ ነው። ያንን ገብስ ለትውልድ እየመረጠ ያቆየው ገበሬ ይህን ሳይሰማ ሞተ።

የቫቪሎቭ መጨረሻም ይነገር፤ ልጆች አይረሱትም። በስታሊን ዘመን ታስሮ እ.ኤ.አ. በ1943 በሳራቶቭ እስር ቤት በረሃብ ደክሞ ሞተ። በዚያው ጦርነት ሌኒንግራድ ተከባ ሳለች እርሱ ያደራጀውን የዘር ስብስብ ይጠብቁ ከነበሩት ባልደረቦቹ መካከል በጆንያ ሩዝና እህል ተከበው፣ አንዲት ፍሬ ሳይቀምሱ በረሃብ ያለቁ አሉ። በእኛም አገር በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ብዙ ገበሬ የዘር እህሉን በላ፤ ሌላ ምርጫ አልነበረውም። ዘር ሲበላ የሚመጣው ክረምት ብቻ አይደለም የሚጠፋው፤ ከኋላ ያለው የሺህ ዓመት ምርጫም አብሮ ይጠፋል። እ.ኤ.አ. በ1976 የተቋቋመው የዕፀዋት ዘር ማዕከል፣ የዛሬው የኢትዮጵያ ብዝኀ ሕይወት ኢንስቲትዩት፣ በዶክተር መላኩ ወረደ አመራር በዚያ ክፉ ዘመን ከገበሬው ማሳ የሰበሰበውና ያቆየው ዘር ታሪክ ነው ብል የሚከራከረኝ ያለ አይመስለኝም። የታሪክ መጻሕፍታችን ግን ስለ ዘውድና ስለ ጦር ሜዳ ሲተርኩ ይህን ለግብርና መማሪያ መጽሐፍ ትተውታል።

ከዚህ በመነሣት የቤት ሥራው ይሰጥ። ልጆቹ ወደ አያቶቻቸው ሄደው የእህል ስሞችን ከነምክንያታቸው ይጻፉ። ጤፍ ብቻ ማኛ፣ ሰርገኛ፣ ቡኒኝ እየተባለ ስንት ስም አለው። ማሽላ «ወፍ አይበላሽ» ይባላል፤ ስሙ ራሱ ማን ጠላቱ እንደ ሆነ ይናገራል። «ወተት በጉንጬ» የተባለም አለ። እ.ኤ.አ. በ1973 የአሜሪካው ፐርዲው ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከወሎ የሄዱ ሁለት የማሽላ ዓይነቶች በሌሎች ማሽላዎች እጅግ የሚያንሰውን፣ ሰውነት የሚገነባውን ላይሲን የተባለ ንጥረ ነገር በብዛት እንደያዙ አስታወቁ። የወሎ ገበሬ የዚህን ወገን ማሽላ እሸቱን እየጠበሰ ሲበላ «ወተት» ያለው ቤተ ሙከራ ሳይገባ ነው። የቃል ስም የጽሑፍ ሰነድን ያህል ማስረጃ እንደሚሆን ለማሳየት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

ቁፋሮውስ ምን ይላል? ከጣና ምሥራቅ ላሊበላ ዋሻ በተባለው ስፍራ (ከላስታዎቹ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ጋር አይምታታ) ከክርስቶስ ልደት በፊት ወደ 500 ዓመት የሚጠጋ ገብስና ሽምብራ ተገኝቷል። በምሥራቅ ትግራይ መዝብር የተባለችው የገበሬ መንደር ታሪኳ ከክርስቶስ ልደት በፊት እስከ 1600 ድረስ ወደ ኋላ ይዘልቃል። እ.ኤ.አ. ከ1993 እስከ 1997 በአክሱም በተካሄደው ቁፋሮ ከስንዴና ከገብስ ጋር የጤፍና የኑግ ፍሬ ወጥቷል። የጤፍን ፍሬ ከአፈር ለይቶ ማውጣት ቀላል እንዳይመስል፤ በአንዲት ግራም ውስጥ ሦስት ሺህ ያህል ፍሬ አለና።

ሆኖም ቁፋሮ የሚናገረው ስለ ተከሰለ ፍሬ ነው። እንሰት ፍሬው አይበላም፤ ሥሩና ግንዱ ተፍቆ፣ በጉድጓድ ተቀብሮ ቆጮ ይሆናል፤ የሚራባውም ከአምቾው በሚወጣ ችግኝ ነው። ዛሬ በደቡብና በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ብዙ ሚሊዮን ሕዝብ የሚመግብ ተክል ለመቆፈሪያው አካፋ እምብዛም ምልክት አይተውም። ስለዚህ በካርታው ላይ ባዶ የሚታየው ስፍራ ሁሉ ባዶ አልነበረም። ከጉራጌ ወይም ከሲዳማ የመጣ ተማሪ በክፍሉ ካለ ይህን እርሱ ያስረዳ። መምህሩ ይቀመጥ።

እንሰት ወደ ሥልጣኔው ምዕራፍ የሚያሻግር ጥያቄ ይዞ ይመጣል። እህል በአንድ ወር ይደርሳል፤ በአውድማ ላይ ይከመራል፤ በቁና ይሰፈራል፤ በአህያ ይጫናል። ስለዚህ ጭቃ ሹሙ አውድማው ዳር ቆሞ ሊቆጥረው ይችላል። እንሰት ግን በጓሮ ቆሞ ዓመታት ይጠብቃል፤ ባለቤቱ ሲፈልግ ይቆርጠዋል፤ የተቀበረውም ከዓይን ይሰወራል። አሜሪካዊው ምሁር ጄምስ ስኮት እ.ኤ.አ. በ2017 ባሳተመው መጽሐፉ የመጀመሪያዎቹ መንግሥታት ሁሉ በእህል ላይ የቆሙት በዚህ ምክንያት ነው ብሎ ተከራክሯል፤ እህል ይታያል፣ ይሰፈራል፣ ይቀረጣል። ሐሳቡን ሁሉ መቀበል ግድ አይደለም፤ የአንዲስ መንግሥታት በድንችም ኖረዋል፤ እነርሱም ቢሆኑ ግን ድንቹን አድርቀው በጎተራ ሲያከማቹ ነበር።

ለኢትዮጵያዊ ተማሪ ግን ስኮትን ሳያነቡ ይህን የሚያስተምር ሥርወ ቃል በአፉ ውስጥ አለ። በግዕዝ «ገብረ» ማለት ሠራ፣ አደረገ ማለት ነው። ከዚህ «ግብር» ይወጣል፤ ሥራ ማለት ነው፤ ለገዢ የሚከፈለውም ግብር ነው፤ በአዳራሹ ለሠራዊቱ የሚጣለው ማዕድም ግብር ነው። «ገብር» አገልጋይ ነው፤ «ገባር» እያረሰ የሚከፍለው ነው፤ «ገበሬ»ም የዚሁ ቤተሰብ ነው። መምህሩ እነዚህን ቃላት በሰሌዳው ላይ በክብ ይጻፋቸውና ቀስት ያገናኛቸው። ከማሳው ወደ ጎተራ፣ ከጎተራው ወደ አዳራሽ፣ ከአዳራሹ ወደ ጦር ሜዳ፣ ተመልሶም ወደ ማሳው። ስድብ ያደረግነው ቃል በመካከሉ ተቀምጧል።

ከዚህ ወዲያ ዑሩክን ማስተማር ይቀላል። በደቡባዊት ሜሶጶጣምያ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ3300 ዓመት ገደማ ጀምሮ በሸክላ ጽላት ላይ የተጻፉት የመጀመሪያ ጽሑፎች በአብዛኛው ሒሳብ ናቸው፤ ግጥምና ጸሎት የመጡት ቆይተው ነው። ገብስ ይህን ያህል፣ ጠላ መሰል መጠጥ ይህን ያህል፣ በግ ይህን ያህል፣ ለሠራተኛ ቀለብ ይህን ያህል። ከእነዚህ አንዱ 29,086 መስፈሪያ ገብስ በ37 ወር ውስጥ እንደ ገባ ይመዘግባል፤ ከሥሩም «ኩሺም» የሚል ምልክት አለበት። ኩሺም የሰው ስም ከሆነ በጽሑፍ ከተረፉልን የሰው ስሞች እጅግ ከጥንቶቹ አንዱ የንጉሥ ሳይሆን የእህል ጸሐፊ ነው ማለት ነው፤ የሹመት ስም ነው የሚሉም አሉ። ገብሱን ያመረቱት ሰዎች ስም ግን በጽላቱ ላይ የለም።

ግብፅ ስትመጣ መምህሩ ፒራሚዱን ለጊዜው ይተወውና ዝናቡን ይያዝ። አስዋን ከሚደርሰው የዓባይ ውኃ ከመቶ 85 ያህሉ የሚነሣው ከኢትዮጵያ ደጋ ነው፤ በዓባይ፣ በተከዜና በባሮ። ደለሉም የዚሁ አፈር ነው። የጥንት ግብፃውያን ዓመታቸውን በሦስት ወቅት ከፍለውት ነበር፤ የሙላት፣ የዘርና የአጨዳ፤ እያንዳንዱም አራት ወር። ወሩ 30 ቀን፣ ወሮቹ 12፣ በመጨረሻ አምስት ተረፍ ቀኖች። ልጆቹ ይህን ሲሰሙ ፈገግ ይላሉ፤ የሚኖሩበት አቆጣጠር ነውና። ጳጉሜን ከናይል ገበሬ በግብፅ ቤተ ክርስቲያን በኩል የደረሰችን ናት፤ የቅብጦች ቱት የሚጀምረውም በእኛ መስከረም 1 ቀን ነው። በዚያ ቀን እኛ ዘንድ ዝናቡ ሲያባራ አደይ ይፈነዳል፤ በታችኛው አገር ደግሞ ያው ዝናብ ወንዝ ሆኖ ማሳውን ሞልቶ ተኝቶ ነበር። ሙላቱ እ.ኤ.አ. በ1970 የአስዋን ታላቅ ግድብ ሲጠናቀቅ ቆመ። ስለ ዓባይ ልጆቹ ዛሬ የሚሰሙት የግድብና የድርድር ዜና ነው፤ የጎጃም ክረምት የፈርዖንን ጎተራ ሲሞላ እንደ ኖረ መስማት ዜናውን በሌላ ጆሮ እንዲያደምጡት ያደርጋል።

በመጨረሻ አክሱም። ብዙ ጊዜ በሐውልት ትጀመራለች፤ እኔ በሳንቲም ብትጀመር እላለሁ። በሦስተኛው መቶ ዘመን መገባደጃ የነገሠው ንጉሥ እንዱቢስ በወርቅ ገንዘቡ ላይ ራሱን አሳትሟል፤ በፊቱና በኋላው ሁለት የእህል ዛላዎች ቆመው ይታያሉ። ስንዴ ናቸው የሚሉ አሉ፤ ገብስ ናቸው የሚሉም አሉ። ከእርሱ በኋላ የመጡት ነገሥታት ጨረቃውን በመስቀል ሲለውጡ ዛላዎቹን አልነቀሉም። ኢዛናም ወደ ሌላ ስፍራ ስላሰፈራቸው የቤጃ ሰዎች ባስቀረጸው ጽሑፍ ስለ ድሉ ብቻ አልተናገረም፤ የሰጣቸውን ከብት፣ መብልና መጠጥ ቆጥሮ አስጽፏል። ንጉሥ ማለት የሚያበላ ነው የሚለው ሐሳብ ከድንጋዩ ላይ ይነበባል።

ሐውልቱ ከዚህ በኋላ ይምጣ። የወደቀው ትልቁ ሐውልት 33 ሜትር ይረዝማል፤ ክብደቱ 520 ቶን ያህል ይገመታል፤ ድንጋዩም የተፈለፈለው ከከተማዋ በስተ ምዕራብ አራት ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ከምትገኘው ጎቦ ድራ ነው። መምህሩ ስለ ቁመቱ ካስደነቀ በኋላ ሒሳብ ያሠራ። እንበልና አንድ ሺህ ሰው ለሁለት ወር ጎተተው፤ እያንዳንዱ በቀን አንድ ኪሎ እህል ቢበላ 600 ኩንታል ይሆናል። አንድ ገበሬ ሁለት ሄክታር አርሶ ከሄክታሩ ስምንት ኩንታል ቢያገኝ፣ ከዚያም ሩቡን ቢገብር፣ አራት ኩንታል ሰጠ ማለት ነው። ስለዚህ የአንድ መቶ ሃምሳ ቤት የዓመት ግብር ለጎታቾቹ ቀለብ ብቻ ይሄዳል፤ ጠራቢው፣ በሬው፣ ገመዱ ገና አልተቆጠሩም። ቁጥሮቹ የምሳሌ ናቸው፤ ልጆቹ በየአካባቢያቸው ምርት ይለውጧቸው። አንዱ ልጅ ተነሥቶ «ለዘርስ ስንት አስቀረ?» ብሎ ከጠየቀ ትምህርቱ ገብቶታል።

አንድ ነገር ስለ ጊዜው ልጨምር። በብዙ ገጠር ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ የክፍሉ ወንበር ይሳሳል፤ ልጆቹ አጨዳ ላይ ናቸው። ዕቅዱ ይህን እንደ ጥፋት ከሚመዘግብ ቢያስብበት ይሻላል። የዛላው ትምህርት ጥቅምት መጨረሻ ላይ፣ እሸቱ ሳለ ይሁን፤ የእህል ስሞቹ የቤት ሥራ ለአጨዳው ወራት ይሰጥ፤ የጎተራው፣ የዑሩክና የአክሱም ምዕራፍ ደግሞ ጥር ላይ፣ አውድማው ተጠርጎ ልጆቹ ሲመለሱ ይጀመር። ያን ጊዜ ስንት ኩንታል እንደ ገባ፣ ስንቱ ለዕዳ እንደ ወጣ፣ ስንቱ በጎታ እንደ ቀረ እያንዳንዳቸው በቃላቸው ያውቁታል።